እናቴን በየቀኑ መርዶ የማረዳት እኔ ነኝ

የሽሮ ሜዳዋ (ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9:20)

እማዬ ገና አሁን ተኛች። እኔ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው እዚህ የመጣሁት። የተዘበራረቀ ነገር ከጻፍኩ ይቅርታ።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታ ከያዛት ሦስተኛ ዓመቷ። ሐኪሙ አልዛይመር ነው ብሎናል። ሁለት ወንድሞች አሉኝ፣ አንዱ ውጭ አገር፣ አንዱ አዳማ። እኔ አላገባሁም፣ ያለሁትም ቤት ነው። ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነውም፣ ዝም ብሎ ሆነ። ሥራዬን ከለቀቅሁ 14 ወር አለፈኝ።

ማጠቡ፣ ማብላቱ፣ ልብስ መቀየሩ ይለመዳል። ብሬን ሰረቅሽኝ ብላ ለጎረቤት ስትከሰኝም ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት አንድ ጥያቄ ነው። «ጋሼ አልመጣም?» ትለኛለች። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ነው። ከሞተ 9 ዓመቱ። በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። እኔ ደግሞ እናቴን መዋሸት ነውር መስሎኝ «እማዬ፣ ጋሼ እኮ ሞቷል» አልኳት። ደረቷን መታች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ተቀመጠች። «ለምን አልነገራችሁኝም? ሳልቀብረው?» እያለች። ቀብሩ ላይ እኮ ነበረች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋት። ከምሳ በኋላ ተመልሳ «ጋሼ አልመጣም?»

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ፣ እንዳትወድቅ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ተቀምጦ ነው። እኔ ብቻዬን፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የማረዳት። አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገራችሁ። ከትናንት ወዲያ አመሻሽ ላይ «ቤቴ ውሰዱኝ» ብላ ተነሳች። ቤትሽ ነው ብላት አልሰማ አለችኝ። የግቢውን ቁልፍ ከእጄ ልትቀማኝ ታገለች። ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። በኃይል ነው የጎተትኳት። ትናንት ጠዋት ሳጥባት አየሁት። ጣቶቼ ክንዷ ላይ ቀርተዋል፣ አራቱም። እሷም አየችውና «ምን ነክቶኝ ነው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እናንተ እንዴት ነው የምትችሉት?

ከቤሩት የተመለሰች (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:45)

እህቴ አይዞሽ። ከእንቅልፌ ስነሳ አንብቤው ቡናዬን ትቼ ነው የምጽፍልሽ።

እኔ ቤሩት 7 ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ 4ቱን የማዳምን እናት ነው የጠበቅሁት። ተይታ እላት ነበር፣ አያቴ እንደማለት ነው። ይሄው በሽታ ነበረባት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ግን በየማታው «ሰሃን አስቀምጪለት» ትለኛለች። ማዳም ስትሰማ «አባዬ እኮ ሞቷል» ትላታለች፣ አሮጊቷ ታለቅሳለች፣ እራት ሳትበላ ታድራለች። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አረብኛ ብዙም አልችልም ነበር። መከራከሪያ ቃል የለኝም። ስለዚህ ሰሃኑን አስቀምጥላታለሁ። ደስ ይላታል፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ቋንቋውን በደንብ ከለመድኩ በኋላም አልተከራከርኳትም።

እናትሽ «ጋሼ የት አለ?» ስትልሽ ወሬ እየጠየቀችሽ አይመስለኝም። ናፍቃው ነው። ሞቷል አትበያት። ነገ ይመጣል ብለሽም አትዋሻት፣ በር ላይ ቆማ ትውላለች። ስለሱ ጠይቂያት። ጋሼ ምን ይወድ ነበር? ስትጣሉ ማን ይጀምር ነበር? በያት። ወንድሟን የምታገኘው እዚያ ወሬ ውስጥ ነው።

ሲመሽ «ቤቴ» ማለቱን ተይታም ነበረባት። ወደ 11 ሰዓት ግድም ትጀምራለች። ጥላው ግድግዳ ላይ ሲረዝም ያስፈራታል። እኔ ሳይጨልም መጋረጃውን እዘጋና የቤቱን መብራት ሁሉ አበራለሁ። ካልሆነ ጫማዋን አደርግላትና ደረጃውን ይዣት እወርዳለሁ። ሕንጻውን አንድ ዙር ዞረን እንመለሳለን። በሩ ላይ «ደረስን» እላታለሁ። ትገባለች።

ሌላው ነገር፣ እጇ ሥራ ይፈልጋል። ድሮ ምን ትሠራ ነበር?

እኔ ደሞዝ ነበረኝ፣ እሷም እናቴ አልነበረችም። ያንቺ ከእኔ እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ሲስተር (ማክሰኞ፣ ቀን 6:10)

ነርስ ነኝ። 18 ዓመት ሠርቻለሁ። ከላይ እህታችን የጻፈችውን ስልጠና ላይ ከሰማሁት አስበልጬዋለሁ። እኔ የጎደለውን ልጨምር።

አንጎላችን ውስጥ አዲስ ነገር የሚመዘግበው ክፍል ሂፖካምፐስ ይባላል። አልዛይመር ከሁሉ ቀድሞ ከሚጎዳቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። ለዚህ ነው የልጅነቷን እየተረከችልሽ የዛሬውን ቁርስ የማታውቀው። መርዶውን መቶ ጊዜ ብትነግሪያትም የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ሐዘኑ ግን ይቆያል። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአልዛይመር ሕመምተኞች የሚያሳዝንና የሚያስደስት የፊልም ቁራጭ አሳይተው ነበር። ሰዎቹ ያዩትን ሲረሱት ስሜቱ ግን አብሯቸው ቆየ። ስለዚህ እማዬ ከሰዓት ሳትናገር ስትነጫነጭ የጠዋቱ ለቅሶ ሊሆን ይችላል። መጥፎው እንደሚቆይ ሁሉ ጥሩውም ይቆያል። ያሳቅሻትን ትረሳዋለች፣ ደስታው አይጠፋባትም።

ስለ ስርቆቱም ልብሽ አይሰበር። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ያቀረባት የመጀመሪያዋ ታማሚ ገና 51 ዓመቷ ሳለ ነው ሆስፒታል የገባችው። ሕመሟ የጀመራት ባሏን በመጠርጠር ነበር። ጥርጣሬው የበሽታው ነው፣ የእናትሽ ጠባይ አይደለም።

አሁን የምጠይቅሽን መልሺልኝ። የሌሊቱ መነሳት ሁልጊዜም ነበር ወይስ በቅርቡ ነው የባሰው? በቅርቡ ከሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሽንቷ ይመርመር። አረጋውያን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ትኩሳት እንኳን ሳይኖር መቃዠትና መረበሽ ብቻ ሊያሳዩ ይችላሉ። ውሃ ማነስና የሆድ ድርቀትም እንደዚያው ነው። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ተደርጎላት ካልሆነም ጠይቂ፣ የሁለቱ ችግር ራሱ ያስረሳል።

የእንቅልፍ ኪኒን ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ አትስጫት። ትወድቃለች። ለመርሳት በሽታ የሚሰጡት ዶኔፔዚል ወይም ሜማንቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ታዘውላት ከሆነ አያድኗትም፣ ለአንዳንድ ሰው ግን ለተወሰነ ጊዜ ይረዳሉ። አላየሁበትም ብለሽ በራስሽ አታቋርጪ።

ስለ ክንዷ ማታ እመለሳለሁ። ተረኛ ነኝ።

የማርያም ልጅ (ማክሰኞ፣ ቀን 8:30)

ይሄ ሁሉ ኪኒን ለምን? እንጦጦ ማርያም ጸበል አስጠምቋት። ሐኪም ያላወቀው ነገር ይኖራል። አክስቴን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሽሮ ሜዳዋ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10:05)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኬን ይዤ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ።

የማርያም ልጅ፣ ወስጃታለሁ። እንጦጦ ቅርባችን ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካት በጣም ደነገጠችብኝ፣ ሰው ሊደበድባት የመጣ መሰላት። የንስሐ አባታችንን ሳማክራቸው ጸበሉን ቤት ወስጄ በብርጭቆ እንዳጠጣት፣ መድኃኒቷንም እንዳላቋርጥ ነው ያሉኝ። እንዲያውም ቁርስ ሳትበላ ኪኒን እንዳትውጥ፣ ለሕመምተኛ ጾም የለባትም ብለው እሳቸው ናቸው ያስረዷት። የእኔን ቢሆን እሺ አትልም ነበር። ጸበሉንም ኪኒኑንም ይዘናል።

ሲስተር፣ የሌሊቱ የባሰው ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ነገ ጠዋት አስመረምራታለሁ።

ከቤሩት የተመለስሽው እህቴ፣ እማዬ ጥጥ ትፈትል ነበር። ሰፈራችን የሸማኔ ሰፈር ነው። የሁላችንም ጋቢ የሷ ፈትል ነው።

ከቤሩት የተመለሰች (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10:20)

እንዝርቷ አለ?

የደብረ ብርሃኑ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:00)

ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው። የማስታምመው ባለቤቴን ነው። 43 ዓመት አብረን ኖረናል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ደበቅኋት። አፈርኩ። «ጃጀች» ይሏታል ብዬ ነው። ማኅበር ስትጠራ ታማለች እላለሁ። ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ ተኝታለች እላለሁ። መጨረሻ ላይ እኔም አብሬ ታሰርኩ። ለቅሶ እንኳን አልደርስም ነበር።

አንድ ቀን ገበያ ሄጄ ስመለስ በሩ ክፍት ነው። ሰባት ሰዓት ፈለግናት። ደብረ ብርሃን ብርዱን ታውቂዋለሽ። ማታ አንድ የባጃጅ ልጅ ነው ያገኛት፣ ባዶ እግሯን፣ ወደ ትውልድ መንደሯ በሚወስደው መንገድ ላይ። በማግሥቱ ለዕድሩ ዳኛ ነገርኩ። ለሱቁ ልጅ፣ ለሊስትሮው፣ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነገርኩ። በቀሚሷ ውስጠኛ በኩል ስልኬን በክር ጻፍኩላት፣ ወረቀት ስለምትጥለው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወጥታለች። ሁለቱንም ጊዜ ሳልሰማ መልሰዋት ነው ያወቅሁት። ጎረቤቶቼም ረቡዕ ከሰዓት ቡና እነሱ ጋ ታፈላለች ብለው ይወስዷታል። ጀበናውን አንዷ ትይዛለች፣ እሷ ስኒ ታጥባለች። አንዱን ስኒ አሥር ጊዜ ታጥበዋለች፣ ማንም ምንም አይላትም። እኔ በዚያ ሁለት ሰዓት ጸጉሬን እስተካከላለሁ ወይም ዝም ብዬ ፀሐይ እሞቃለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም ያልሽው ነው የከበደኝ። ንገሪያቸው፣ ልጄ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ረቡዕ፣ ሌሊት 7:40)

እኔ ውጭ ያለው ወንድም ነኝ። ያንቺ አይደለሁም። ግን እህቴ ጽፋው ቢሆንስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በየወሩ ብር እልካለሁ። ስደውል «እማዬ ደህና ናት» ትለኛለች፣ እኔም ደህና ናት ብዬ ሥራ እገባለሁ። አንድ ጊዜ «ደክሞኛል» አለችኝ። እኔም ሠራተኛ ቅጠሪ፣ ብሩን እልካለሁ አልኳት። ዝም አለች። ያኔ አልገባኝም ነበር። እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ባደርግ ነው የሚጠቅማት?

የሽሮ ሜዳዋ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:15)

ወንድሜ፣ ስለጠየቅህ አመሰግንሃለሁ። ለወንድሞቼ መናገር ያቃተኝን ላንተ ልበል።

ብሩ ይጠቅማል። አይጠቅምም ያለችህ እንደሆነ ተቀይማህ ነው። ግን ሠራተኛ ቅጠሪ ስትላት ሌላ ሥራ ነው የጨመርክላት። ማን ይፈልጋል? ማን ያለማምዳል? እኔ ጋ ሁለት ሠራተኞች ሄደዋል። አንዷ በሳምንቷ ሌባ ተብላ አልቅሳ ወጣች። አንተ ደላላውን በስልክ አነጋግር። ልጅቷን ቪዲዮ ላይ አግኛት፣ እናቴ ሌባ ብትልሽ በሽታዋ ነው ብለህ ቀድመህ አስረዳት። የአዋቂ ዳይፐር ከየትኛው ሱቅ እንደሚመጣ፣ ኪኒኑ መቼ እንደሚያልቅ አንተ ያዘው። እህትህ ሳትጠይቅህ በሩ ላይ ይድረስ።

ምክርም አትላክላት። ወንድሜ በየሳምንቱ «ይሄን አብያት፣ ለአንጎል ጥሩ ነው» የሚል ቪዲዮ ይልክልኛል። ስከፍተው ገና እናደዳለሁ።

ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት ስጣት። እናትህን ስልክ ላይ ያዛት። አንድ ታሪክ ሃያ ጊዜ ብትነግርህ ሃያ ጊዜ ስማት። እህትህ በዚያ ሰዓት ትታጠብ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለም፣ ትተኛ። «እማዬ እንዴት ናት?» ከማለትህ በፊትም «አንቺ በላሽ?» በላት። እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሲስተር (ረቡዕ፣ ማታ 2:30)

ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

ስለ ክንዷ። እዚህ መጻፍሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ደብቆት ይደጋግመዋል። ትክክል ነበር አልልሽም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን ክፉ ሰው ስለሆንሽ የመጣ አይደለም። ለወራት ሳትተኚ ስለኖርሽ ነው። ሰውነት የሚችለው ልክ አለው።

እንግዲህ ደምሽ ሲፈላ እንዲህ አድርጊ። ቁልፉን ኪስሽ ክተቺ። ቡታጋዙን አጥፊ። የግቢው በር መቆለፉን እዪና ከክፍሉ ውጪ። ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ። አምስት ደቂቃ ብቻዋን ብትጮህ ምንም አትሆንም። በያዝሻት ጊዜ ግን የአረጋዊ ቆዳ ወረቀት ነው፣ አጥንቷም እንደዚያው። ቁልፍ ስትቀማሽ ደግሞ ሌላ የማይከፍት ቁልፍ ስጫትና ጫማ አድርጉ። የቤሩቷ እህታችን እንዳለችው ዞር ብላችሁ ተመለሱ።

አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅሽ። በቀን ምንም ሳትሆኚ ታለቅሻለሽ? ጠዋት ባልነቃሁ ብለሽ ታውቂያለሽ? ከሆነ ሐኪም የሚያስፈልግሽ አንቺም ነሽ። አማኑኤል ሲባል ሰው ይሸማቀቃል፣ ግን ተመላላሽ ሆኖ ታክሞ ሥራው የሚገባ ብዙ ሰው አለ። በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመርሳት በሽታ በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዟል፣ ለነሱ ከሚውለው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶው የሴቶች ነው። «አላገባሽም፣ ቤት ነሽ» የተባልሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። የአዳማው ወንድምሽ ዛሬውኑ ይደወልለት። «እርዳኝ» አትበይው። «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ና፣ እሑድ ማታ ትሄዳለህ» በይው።

የሽሮ ሜዳዋ (ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 3:00)

ጠፋሁ። ላመሰግናችሁ ነው የመጣሁት።

ሽንቷ ላይ ኢንፌክሽን ነበረ። መድኃኒቱን ስትጨርስ ሌሊቱ ቀለለ። አሁንም ትነሳለች፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። እኔም ሐኪም አይቻለሁ። ሲስተር፣ የጠየቅሽኝ ሁለተኛው ጥያቄ፣ አዎ ነበር። አሁን እየተሻለኝ ነው።

የአዳማው ወንድሜ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲመጣ ቁልፉን ሰጥቼው ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ምንም አላደረግሁም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ማታ ስመለስ ወንድሜ ደረጃው ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። «በየቀኑ እንዲህ ነው?» አለኝ። በየቀኑ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀረም።

እንዝርቱን አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ አገኘሁት። ባዘቶ ገዛሁና ከጎኗ አስቀመጥኩት። ምንም አላልኳትም። መጀመሪያ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀሚሷን ጭኗ ላይ ሰብሰብ አድርጋ አንከባለለችው። ክሩ ወጣ። ቀጭን፣ እኩል፣ እንደ ድሮው። ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ የማታውቅ ሴት ክር አትበጥስም። አንዲት ልቃቂት ሞልታለች። ለሽሮ ሜዳው ሸማኔ ሳሳየው የማን ፈትል ነው አለኝ።

ትናንት ከሰዓት እንደ ልማዷ «ጋሼ አልመጣም?» አለች። «ጋሼ ምን ይወዳል፣ እማዬ?» አልኳት።

«ቆሎ» አለች ወዲያው። «ሽምብራ የበዛበት። ኪሱን ሞልቶ ነው ከብት የሚጠብቀው። ለኔ ግን ሽምብራውን መርጦ ይሰጠኛል።»

ይህን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ተነስቼ ገብሱንና ሽምብራውን ቆላሁ። አብረን በላን። ግማሹን «የሱ ነው» ብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ማታ ሳስተኛት አልፈታሁትም።

ዛሬ ጠዋት ስትነሳ ቋጠሮውን አገኘችው። ምን እንደሆነ ጠፍቷት ነበር። ቀስ ብላ ፈታችውና አየችው። ከዚያ ሽምብራውን ለይታ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ።

«እንቺ፣ ብዪ» አለችኝ።